በድሮ የቤዝቦል ካርዶች ላይ እውነተኛ የቀለም ልዩነትን እንዴት መለየት ይቻላል

የአሜሪካው ቶፕስ ኩባንያ በ1969 ካወጣቸው 664 የቤዝቦል ካርዶች 500ኛው የታዋቂው ተጫዋች የሚኪ ማንትል ነው። (ካርዶቹ ሰዎች የሚሰበስቧቸው፣ የተጫዋቾች ፎቶና ስም የታተመባቸው ናቸው፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአብዛኞቹ ቅጂዎች ላይ «ማንትል» የሚለው ስም በቢጫ፣ በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ በነጭ ተጽፏል። ነጩ ከቢጫው በእጅጉ ይወደዳል። የዋጋው ልዩነት በአንድ ቃል ቀለም ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑም አታላዩ ብዙ ነው፤ በቅንነት የሚሳሳተውም እንዲሁ።

መጀመሪያ ካርዱን ገልብጡና ከጀርባው ያለውን ቁጥር አንብቡ። ቶፕስ በዚያ ዘመን የአንድ ዓመት ካርዶችን በአንድ ጊዜ አያወጣም ነበር፤ በየተራ፣ በተከታታይ ክፍሎች ነበር የሚያትማቸው። የኅትመት ለውጥም የሚያርፈው በአንዱ ክፍል ላይ ነው። የ1969ኙ ነጭ ፊደል የሚታወቀው ከ426 እስከ 512 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ ነው። የዊሊ ማኮቪና የጌይሎርድ ፔሪ ካርዶችም እዚያው ይገኛሉ። የ1962ቱ አረንጓዴ ጥላ፣ ማለትም ፎቶው በሙሉ ወደ አረንጓዴ ያደላበት ቅጂ፣ ከ110 እስከ 196 ባሉት ላይ ብቻ ይታያል። ቁጥሩ ከእነዚህ ውጭ ከሆነ፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ የምትፈልጉት ልዩነት አይደለም።

ቀጥሎ በዚያ ዓመት ብርቁ ቀለም የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፤ ከዓመት ዓመት ይገለበጣልና። በ1958 ነጭ ፊደል ተራ ነው፤ ብርቁ ቢጫው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ 33 ካርዶች ቢጫ ፊደል ያለው ቅጂ አላቸው። የሃንክ አሮንና የአል ኬላይን ስማቸው፣ የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ደግሞ የቡድኑ ስም ነው ቢጫ የሆነው።

አሁን ካርዱን በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ አድርጉት። በቢጫ አምፖል ሥር ነጭ ሁሉ ቢጫ ይመስላል። ፀሐይ ግን በቀጥታ አይምታው። ጎኑ ላይ የዚያው ዓመት ሌላ ካርድ አስቀምጡ፤ ርካሽና የተጎዳም ቢሆን ይበቃል፤ ዓይን ያለማነጻጸሪያ ቀለም አይፈርድም።

ከዚያ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር አንሡ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። የካርዱ ሥዕል የተሠራው ከአራት ቀለሞች ነጠብጣብ ነው፦ ሰማያዊ፣ ሮዝማ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ማተሚያው አረንጓዴ ቀለም የለውም፤ ሣሩን አረንጓዴ የሚያደርገው ሰማያዊው ከቢጫው ጋር ሲገናኝ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ነጭ ፊደል ነው ተብሎ የ1969 ካርድ ገዝቼ ነበር። ስሙ እውነትም ነጭ ነው። በማጉያው ሳየው ግን ከተጫዋቹ እግር በታች ያለው ሣር ወደ ሰማያዊ አድልቷል፤ ፊቱም ሮዝ ሆኗል። በፊደሉ ጠርዝ ላይ የቢጫ ርዝራዥ ቀርቶ ነበር። ፀሐይ ላይ ከርሞ ቢጫው የለቀቀ ተራ ካርድ ነበር። እጅግ አዘንኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከፊደሉ በፊት የማየው ሣሩን ነው። በእውነተኛው ነጭ ፊደል ቢጫው የጎደለው ከማተሚያው ፕሌት (ቀለሙን ከሚያትመው ሰሌዳ)፣ ከፊደሉ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው የካርዱ ክፍል ቢጫውን እንደያዘ ነው።

በ1958 ካርድ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ፈልጉ። ቢጫን ማጥፋት ለአታላዩ አይጠቅመውም፤ መጨመር ነው የሚጠቅመው። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር የተቀባ ፊደል ጠርዙን ያልፋል፣ ወይም መሐሉ ላይ ይሳሳል። ካርዱን ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት ደግሞ የተቀባው ቦታ ከሌላው የተለየ ብልጭታ ይሰጣል።

የ1962ቱ አረንጓዴ ጥላ ከሁሉም አስቸጋሪ ነው፤ የሚለወጠው የፎቶው ጠቅላላ መልክ እንጂ አንድ ቃል አይደለም። ደግነቱ በአንዳንዶቹ ላይ ፎቶው ራሱ ተቀይሯል። 174ኛው የካርል ዊሊ ካርድ በአንዱ ቅጂ ኮፍያ ያደረገ፣ በሌላው ባዶ ራሱን ነው። ሌሎቹ ላይ ፎቶው የተቆረጠበትን ወሰን ከተራው ቅጂ ጋር አመሳክሩ። የደበዘዘ ካርድ አረንጓዴ ሊመስል ይችላል፤ የፎቶውን ወሰን ግን ድብዘዛ አያንቀሳቅሰውም።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልጨምር። ብርቅ መሆንና መወደድ አንድ አይደሉም። በአንድ ክፍል አብረው ከታተሙት ነጭ ፊደል ካርዶች መካከል ማንትል እጅግ የሚወደደው ፈላጊው ስለበዛ ነው፤ ያልታወቀ ተጫዋች ነጭ ፊደል ግን አሁንም በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ለጀማሪ እኔ የምመክረው እዚያ እንዲጀምር ነው።

በርቀት የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ሻጩን የፊትና የጀርባ ፎቶ ጠይቁት፤ በቀን ብርሃን፣ ከሌላ የዚያው ዓመት ካርድ ጎን የተነሣ ይሁን።