ግቢያችሁ ውስጥ በ2 ቀፎ ማር ለመጀመር

ሱሉልታ ነው ያለሁት፣ ከግቢው ጀርባ 2 ቀፎ አለኝ፣ እንዴት ጀመርክ የሚለኝ ሰው ስለበዛ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ለጀማሪ የሽግግር ቀፎ (በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለው፣ ከላይ እንጨት የሚደረደርበት) ይሻላል፣ አናጢ ይሠራዋል። ከላይ የሚደረደሩት እንጨቶች ስፋት ግን ልክ 3.2 ሳንቲሜትር ይሁን፣ አናጢው ትንሽ ቢሰፋ ምን አለበት ቢላችሁ እሺ እንዳትሉት፣ ከሰፋ ንቦቹ የማር እንጀራውን (ማርና እጭ የሚያስቀምጡበትን የሰም ሥራ) አጣመው ሁለት እንጨት ላይ ያያይዙትና አንዱን ላውጣ ስትሉ ሁሉም ይበጣጠሳል። ቀፎው ከሰውና ከከብት መተላለፊያ ይራቅ፣ እግሩ ዙሪያ አመድ ነስንሱ፣ ጉንዳን ከገባ መንጋው ጥሎ ነው የሚሄደው። ስልጠና ለምትፈልጉ ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ።

በኛ አካባቢ ዋናው ማር ክረምቱ ወጥቶ መጭና አደይ አበባ ሲያብብ የሚመጣው ነው፣ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ይቆረጣል። በቀን ቆጠራ ግን አትሂዱ እንጀራውን እዩት፣ ንቦቹ ከ4 እጅ 3ቱን በሰም ከደፈኑት ደርሷል፣ ካልተደፈነ ውሃ ስላለው ቆይቶ ይኮመጥጣል። አይነርግብና ጓንት አርጋችሁ ሲመሻሽ ግቡ፣ ደረቅ ኩበት አጭሳችሁ አፉ ላይ ትንሽ እፍ አርጉና ጠብቁ፣ ጭስ ከበዛ ማሩ ጭስ ጭስ ይላል። እጭ ያለበትን እንጀራ በፍጹም እንዳትነኩ።

አንድ ነገር አደራ፣ ሁሉንም አትቁረጡ። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ጠራርጌ ወሰድኩ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ቀፎውን ስከፍት አንድ ንብ የለም፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ማሩ እኮ የነሱ ስንቅ ነው። አሁን ቢያንስ 4 ሙሉ እንጀራ እተውላቸዋለሁ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው ደሞ 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጬ ማታ ማታ ቀፎው ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ቅመም የሌለው የሽሮ ዱቄት ወይ በሶም ይበላሉ። በቀን ከሰጣችሁ ግን የሌላ ቀፎ ንብ መጥቶ ይዘርፋቸዋል።

የተቆረጠውን ሳታሞቁ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት፣ ደረቅ ዕቃ ውስጥ አርጋችሁ ግጥም አርጋችሁ ክደኑት፣ ሰፈፉንም አትጣሉት ሰም ይወጣዋል። በዚህ ብርድ ማሩ ቢረጋ ስኳር አለበት ማለት አይደለም፣ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት ይመለሳል፣ እሳት ላይ ከጣዳችሁት ግን የአበባው ሽታ ይጠፋል።