የካምፓስ አማካሪ ጋ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት ይኬዳል?

ቀጠሮ ያዙ። በር ላይ ላገኛችሁት ሰው ጉዳዩን መዘርዘር የለባችሁም፤ «አማካሪ ማነጋገር ፈልጌ ነው» ይበቃል። የፈተና ሰሞን ወረፋው ስለሚረዝም ቀደም በሉ።

«የኔ ነገር ለአማካሪ ይበቃል ወይ?» እያላችሁ አትቆዩ። የድብርት መጠይቁ ፒኤችኪው-9 ያሉት 9 ጥያቄዎች የሚመለከቱት ያለፉትን 2 ሳምንታት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወራት እስኪያልፉ አትጠብቁ። ኢንተርኔት ላይ ሞልታችሁ ግን በነጥቡ ለራሳችሁ በሽታ አትሰይሙ። መጠይቁ ይጠቁማል እንጂ አይመረምርም።

ከባዱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ 3 ሳምንት ሙሉ ክፍል ሳልገባ ቆይቼ ሄድኩ። አማካሪዋ «ምን ልርዳህ?» ስትለኝ አፌ ያመጣው «የአጠናን ዘዴ» የሚል ነበር። ሴትየዋ ምን ታድርግ? የጥናት ፕሮግራም አወጣጥ አስረድታ ባለቀለም ሰንጠረዥ ሰጠችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ተመልሼ እስክሄድ 4 ወር ፈጀብኝ።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጻፉት። ወረቀት ላይ ይሁን፤ ስልክ ከተከፈተ ቴሌግራም ውስጥ ነው የምትገኙት። «ጨንቆኛል» ብቻ አይበቃም። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ክፍል፣ ሰው፤ እነዚህ ላይ ምን እንደተለወጠና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አስፍሩ። የኔ ወረቀት «ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት አልተኛም። እናቴ ስትደውል አላነሳም» ይል ነበር። ማንበብ አቃተኝና በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጌ ሰጠኋት። እሱም ያስኬዳል።

አንብባ ስትጨርስ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ጥያቄው የተለመደ ነው፤ መጠየቁም ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። እውነቱን መልሱ። ሐሳቡ አሁን ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የምታምኑት ሰው ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ምስጢር የሚያሳስባችሁ ከሆነ ገና ስትቀመጡ «የምናገረው ማን ጋ ይደርሳል?» በሉ። ብዙውን ጊዜ የሕይወት አደጋ ካልመጣ አይወጣም። ደም ተመርመሩ ከተባላችሁ «ገሸሽ አደረጉኝ» አትበሉ፤ የደም ማነስም የታይሮይድ ችግርም ሰውን ያዝላል፣ ስሜትንም ይጥላል።

አማካሪው ካልተስማማችሁ ሌላ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ከተስማማችሁ ግን ሁለተኛውን ቀጠሮ እዚያው አስይዙ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ «እደውላለሁ» ብዬ ነበር የወጣሁት።