ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ አትጣሉት፦ አሮጌ ፔጆ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

«አቦ፣ በድሬ ሙቀት ቴርሞስታት ምን ይሠራል? አውጥተህ ጣለው!» ይህን ምክር ያልሰማ የአሮጌ ፔጆ ባለቤት በዚህ አካባቢ ያለ አይመስለኝም። መካሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መካኒክ ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ቴርሞስታት ማለት የሞተሩን ውኃ ወደ ራዲያተር የምትለቅና የምትዘጋ ትንሽ በር ናት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሐረር ታክሲ እኛ ጋ ወረደች። ሰማያዊና ነጭ፣ ሁላችሁም የምታውቋት ፔጆ 404። ባለቤቷ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ትፈላለች፣ ጠዋት ጠዋት እያነጠሰች ታስቸግረኛለች፣ ቤንዚኑንማ እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው» አሉኝ። የዘይት መሙያ ክዳኑን ስከፍት ከሥሩ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ውኃ ዘይቱ ውስጥ ገባ ብሎ ይደነግጣል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ግን ንጹሕ ነው፣ ራዲያተሩም ውኃ አይቀንስም። ሞተሩን አስነስቼ እጄን ላይኛው ማኒኮቶ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ) ላይ አሳረፍኩ፤ ወዲያው ቀስ በቀስ ለብ ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ መፍታቱ ለወጉ ነው። የቴርሞስታቱን ቤት ስንከፍተው ባዶ ነው፣ ቴርሞስታት የሚባል ነገር የለም።

ይቺ ትንሽ ዕቃ ሆዷ ውስጥ ሰም አለ። ውኃው ላይዋ የተጻፈው ዲግሪ ሲደርስ፣ 82 ከሆነ 82፣ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና በሩን ይገፋል። እስከዚያ ድረስ ውኃው ራዲያተር ሳይደርስ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል። ስታወጣት ሞተሩ በሜዳና በቁልቁለት ላይ ሙቀቱን አይደርስበትም። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ሳይተን ይቀራል፤ ያ አረፋ ከዚያ የመጣ ነው። ይህንን ብነግራቸው ሰዎች ይሰሙኛል። የማያምኑኝ ሁለተኛውን ነው፦ ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ካወጣኸው ሁለቱም መንገድ ክፍት ይሆንና ከሚፈላው ውኃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ለማቀዝቀዝ ብለህ ዳገት ላይ እንድትፈላ አደረግሃት ማለት ነው።

የሽማግሌው መኪና ዋናው በሽታ ግን ራዲያተሩ ነበር። የድሬን ውኃ የማያውቅ ካለ የማንንም ቤት ማንቆርቆሪያ ከፍቶ ይይ፤ ያ ነጭ ድንጋይ ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ሞተሩ ግሎ ላዩ እጅ ሲያቃጥል ታችኛው ጥግ ቀዝቃዛ ነበር። ከፍተን በሽቦ አስጠረግነው። የመጀመሪያው መካኒክ እጁን አንድ ጊዜ ራዲያተሩ ላይ ቢያሳርፍ ኖሮ ቴርሞስታቱን ባልነካው።

ስለዚህ ሳትዳስሱ አትፍቱ። ሞተር ሲነሳ ላይኛው ማኒኮቶ ቀዝቃዛ ቆይቶ ድንገት ከጋለ ቴርሞስታቱ ደህና ነው። ገና ከመነሻው ለብ ካለ ክፍት ሆኖ ተጣብቋል፣ ወይም የለም። የሙቀት መርፌዋ ቀይ ልትነካ ስትል ማኒኮቶው ቀዝቃዛ ከሆነ ተዘግቶ ቀርቷል፤ ግን መጀመሪያ ውኃው መሙላቱን እዩ።

በድስት ውኃ መፈተሽ ጥሩ ነው፤ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሉት፣ የድስቱን ቂጥ አይንካ፣ ቴርሞሜትርም ጎኑ ይኑር። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከዓመታት በፊት ሐረር አንድ ደንበኛ ግቢ ውስጥ በከሰል ምድጃ አፍልቼ ስፈትሽ አንዱ ግማሽ ብቻ ከፈተ፤ ጣልኩት። አዲስ አስገዛሁ፣ እሱም ግማሽ። እሱንም ጣልኩት። ሰውየው ሦስተኛውን ሲገዛ ፊቱ ጠቆረብኝ። ለካ ሐረር ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ እሳት ብትጨምርበት ውኃው አይግልም። 82 ላይ የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ ለሙሉ ለመክፈት ደግሞ ከአሥር ዲግሪ በላይ ተጨማሪ ሊፈልግ ይችላል። ድሬም ብትሆን 96 ገደማ ነው። መክፈት የሚጀምርበትን ዲግሪ ተመልከቱ፣ ሲቀዘቅዝ ጥብቅ ብሎ መዝጋቱንም። ሰሙ ቶሎ አይሰማም፣ ታገሡት።

የሰሙን ጎድጓዳ ከፍቶ «ለመጠገን» የሚሞክር ልጅም አጋጥሞኛል። እሱ አይጠገንም፤ ኖራ ከያዘ ኮምጣጤ ውስጥ ይደር፣ ካልሆነ ይቀየር።

ስትገጥሙት ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ነው። ወደ ራዲያተር አዙሮ የገጠመ ሰው ማታ ይደውልልኛል።

የሚጠገነው ቤቱ ነው፤ አሉሚኒየም ነውና ይበላል። ብሎኖቹን በጉልበት የሚፈታ ይሰብራቸዋል። ከዋዜማው ዘይት አጠጧቸው፣ ትንሽ አሙቋቸው፣ ሩብ ዙር ፈታ ሩብ ዙር መለስ እያደረጋችሁ አውጧቸው። ፊቱን በመስኮት መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ ክብ እየዞራችሁ ፈግፍጉት፤ ጥቁር ነጥብ እስኪጠፋ። ጓርኒሲዮን ከሱቅ ካጣችሁ የጓርኒሲዮን ወረቀት ቤቱ ላይ አስቀምጡና በመዶሻ ክብ ራስ ጠርዙን ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ጠርዙ ራሱ ይቆርጠዋል። ሲሊኮን እንደ ማርማላት የምትቀቡ ግን ተዉ። የተረፈው ወደ ውስጥ ተቆርሶ ይገባና ያንን የጠረጋችሁትን ራዲያተር ይደፍናል።

404ን በተለይ ለሚነኩ ወጣቶች፦ ራዲያተሩን የሚያናፍሰው ቬንትሌተሯ ሁልጊዜ አይዞርም፤ ውኃው ሲግል በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ ነው የሚዞረው። ለማግኔቱ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን ሲያልቅ አይያዝም፣ ጥፋቱ ግን በቴርሞስታቱ ይላከካል። መጀመሪያ ካርቦኑንና ሽቦውን እዩ። ይቺ መኪና እኮ እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈች ናት፤ የደንገጎ ዳገት አይከብዳትም።

ስትጨርሱ አየሩን አስወጡ። አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁሙ፣ ክዳኑን ሳትዘጉ ገና በቀዝቃዛው አስነሱ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውኃው ድንገት ዝቅ ይላል፤ ያኔ ጨምሩ። የቧንቧ ውኃ ብቻ አትሙሉ። «እዚህ በረዶ የለም» ብሎ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) የማይገዛ ሰው ዝገቱን ረስቶታል።

ሽማግሌው በዚያው ቀን ወደ ሐረር ተመለሱ። አወዳይ ሲደርሱ ደወሉ። «ልጄ፣ መርፌዋ መሐል ላይ ቆማለች፤ ደንገጎንም ስወጣ አልተነቃነቀችም» አሉ በሥጋት። «ምን አድርገህብኝ ነው? ተበላሽታ ይሆን?»