ቀለህ ለመለካት የትኛውን መሣሪያ ልግዛ?

ኮሎራዶ መኖር ከጀመርኩ በኋላ አጋዘን ማደን ለመድኩ፤ ቆይቼም የተኮስኩትን ቀለህ መልሼ መሙላት ጀመርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ ቶርኖ ቤት ስለሠራሁ ልኬት አያቅተኝም ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ጥር አርባ ቀለህ ከልክ በታች ከርክሜ ጣልኩ። ባትሪው የደከመ ርካሽ ዲጂታል ካሊፐር (ዕቃን በሁለት መንጋጋ መሃል ይዞ የሚለካ መሣሪያ) ይዤ፣ ዜሮውን ሳላይ እሠራ ነበር።

ስለዚህ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ደህና ካሊፐር ላይ አውሉት፤ እስከ 150 ሚሊሜትር የሚለካ የብረት ካሊፐር ይበቃል። ሱቅ ውስጥ መንጋጋውን ግጠሙና ወደ መብራት አንሱት። በመሃል ብርሃን ከሾለከ መልሱት። ቀጥሎ አሥር ጊዜ ክፈቱት፣ ዝጉት፤ ሁልጊዜ ዜሮ ላይ ካልተመለሰ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። እኔ ባትሪ የማይፈልገውን ባለ መርፌ እመርጣለሁ። እርግጥ የናስ ብናኝ ጥርሱ ውስጥ ሲገባ መርፌው ይዘላል፤ ብሩሽ አይለየው።

የ.308 ዊንቸስተር (የተለመደ የአደን ጥይት ዓይነት ነው) ቀለህ ርዝመት ከ51.18 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ ሲከረከም 50.93 ላይ ይቆማል። ሩብ ሚሊሜትር ናት። ቀለህ ሲተኮስና ቅርጹ ሲስተካከል እየረዘመ ይሄዳል። ከልኩ ካለፈ አፉ ማጉረሻው (ጥይቱ የሚገባበት የጠመንጃው ክፍል) ጫፍ ላይ ተጨናንቆ ጥይቱን አንቆ ይይዛል፤ ግፊቱም አደገኛ ይሆናል። ከመለካታችሁ በፊት የአፉን ሸካራ ጠርዝ አስወግዱ።

የቀለሁን ትከሻ፣ ማለትም አካሉ ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ፣ ካሊፐር ብቻውን አይዘውም፤ ተዳፋት ስለሆነ መንጋጋው ይንሸራተታል። ለዚህ መንጋጋው ላይ የሚታሰር፣ ልኩ የታወቀ ቀዳዳ ያለው ኮምፓራተር ያስፈልጋል፤ ለ.308 ቀዳዳው 10.16 ሚሊሜትር ነው። የሚወጣው ቁጥር ለማነጻጸር ብቻ ስለሚያገለግል የጓደኛችሁን ቁጥር አትዋሱ። በራሳችሁ ጠመንጃ የተተኮሰውን ለኩ፤ ቁልፉ በእጅ የሚሳብ ጠመንጃ ከሆነ ትከሻውን ከዚያ በ0.05 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ አድርጉት። ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው የተመታች ማቀጣጠያ አብጣ ስለምታሳስት አስቀድማችሁ አውጧት።

የአንገቱን ግድግዳ ውፍረት የሚለካው ባለ ኳስ ማይክሮሜትር ለዒላማ ተወዳዳሪ ነው። አጋዘን አዳኝ ምን ያደርግለታል?

የቶርኖ ቤት አለቃዬ «ካሊፐር ጉጠት አይደለም» ይለኝ ነበር። ናስ ለስላሳ ነው፤ የቀለሁን አፍ ጨብጣችሁ ብትለኩ ያነበባችሁት የጣታችሁን ጉልበት ነው። ሥራ ስትጨርሱ መንጋጋውን በስሱ ከፍታችሁ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡት፤ ዲጂታል ከሆነ ባትሪውን አውጡ።