ፋይሉን ያስቆመችው የስምንት ዓመት ልዩነት

አጎቴ ዱባይ ነጋዴ ናቸው። በኢንቨስተር ቪዛ አሜሪካ ለመግባት አመለከቱ። በ2022 በወጣው ሕግ እዚያ ገጠር ላይ ገንዘብ ለሚያፈስ ሰው ትንሹ 800,000 ዶላር ነው። ደሴ ሆኜ ወረቀት የምሯሯጠው እኔ ነኝ።

መልስ ሲዘገይ በቻይናና በህንድ አመልካቾች ወረፋ አሳበብን። ለካ የእነሱ ወረፋ ለብቻው ነው፤ እኛን አይነካንም።

በመጨረሻ «የገንዘቡን ምንጭ አስረዱ» የሚል ደብዳቤ መጣ። መነሻ ካፒታላቸው ኮምቦልቻ የሸጡት ቤት ነው። ውሉ መጋቢት 2012 ይላል። ፒያሳ ያስተረጎምንበት ቤት «ማርች 2012» ብሎ ጽፎታል! የባንኩ ወረቀት ደግሞ ማርች 2020። ለአሜሪካዊው መርማሪ ብሩ ስምንት ዓመት የት እንደከረመ አይታወቅም። እሱ ምን ያድርግ?

እንደገና አስተረጎምኩ። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የፈረንጁን አጻፍኩ። ከመስከረም አንስቶ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ልዩነቱ ሰባት ስለሚሆን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ተርጓሚውም ትክክለኛነቱን አረጋግጦ ፈረመ። ስለ ሁለቱ አቆጣጠሮች አንድ ገጽ ማብራሪያም አያያዝን።

ጸደቀ። አሁን ቃለ መጠይቅ እየጠበቅን ነው። የልደት ካርዳቸውን ትርጉምም አይቼዋለሁ፤ እሱም ያው ስህተት ነበረበት።