የሙከራ አይጦች ጠባይ ሲበላሽ መጀመሪያ ኬጁን እዩት

አይጥ ላይ የምትሠሩ ሰዎች ይቺን ታውቋታላችሁ። አንዷ ሽቦውን ስትነክስ ታድራለች። ሌላዋ ጥግ ይዛ መቶ ጊዜ ትዘላለች። ወንዶቹ ደግሞ ተናክሰው ጀርባቸው ቆስሎ ጠዋት ይገኛሉ። ብዙ ሰው "የዚህ ዘር ጠባዩ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እኔም እንደዛ ስል ከርሜያለሁ፣ እውነት ለመናገር ኬጁን፣ ማለትም የሚኖሩበትን ሳጥን፣ ከማስተካከል እሱ ይቀላል። ችግሩ ግን የእንስሳዋ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን በብርድ ተኮራምታ ያደረች አይጥ ላይ የለካችሁት የልብ ምት የመድኃኒታችሁ ውጤት ይሁን የብርዱ በምን ትለያላችሁ?

ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ቀን ላይ አይደለም፣ ቀን ቀንማ ይተኛሉ። መብራት ከጠፋ በኋላ ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ይዛችሁ ግቡ፤ ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያቸውም። ሩብ ሰዓት ሳትንቀሳቀሱ ተቀመጡ። የምትፈልጉት ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ነው፦ ሽቦ መንከስ፣ መዞር፣ ያለማቋረጥ መዝለል። ፊታቸው ላይ ወይም ጀርባቸው ላይ የተላጨ የሚመስል ቦታ ካያችሁ ደግሞ የቆዳ በሽታ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር እየነቀለች ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ብርዱ። የላብራቶሪ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጋውን ለለበሰ ሰው ይመቻል። አይጥ ግን ሰውነቷን ለማሞቅ ተጨማሪ ጉልበት ሳታወጣ የምትኖረው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክፍሉን 30 አድርጉት አልልም፣ እናንተም አትችሉትም። ጎጆ መሥሪያ ስጧት። ሰጋቱራ ብቻ ጎጆ አይሆንም፣ ተሰብስቦ አይቆምም። በቀጭኑ የተቆራረጠ ወረቀት ለአንድ ኬጅ ከ8 እስከ 10 ግራም ያህል ስጡና ጠዋት ተመልሳችሁ እዩ። ጤነኛ አይጥ ግድግዳው ከፍ ያለ፣ ጎድጓዳ ጎጆ ሠርታ ታገኟታላችሁ። ወረቀቱ እንደተበተነ ካደረ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ አሟታል፣ ወይ ቀዶ ጥገናው ገና ያማታል፣ ወይ የሰጣችኋት ወረቀት አይረባም። ከጎጆው ይልቅ ጤናዋን ለማወቅ ርካሽ መንገድ እኔ አላውቅም። ከአይጥ የሚተልቀው አይጠመጎጥ ግን ሌላ ነው፣ ጎጆ ከመሥራት ይልቅ የሚገባበት ጨለም ያለ መጠለያ ይመርጣል።

ለአይጠመጎጥ ከፍታም ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ ለኬጅ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ከፍታ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ያደገ አይጠመጎጥ በኋላ እግሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከዚያ ይበልጣል። ሕጉን አሟልታችሁም እንስሳው አንድ ቀን እንኳ ተንጠራርቶ ላይቆም ይችላል ማለት ነው።

ወንድ አይጦች ለምን እንደሚናከሱ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ የጽዳት ቀን ላይ ነው። ኬጅ እንደተቀየረ ጠቡ ይብሳል፣ ምክንያቱም የለመዱት ሽታ ድንገት ጠፋ። ብዙዎች ይህን ለመከላከል ከአሮጌው ጉዝጓዝ ትንሽ ወደ አዲሱ ይጨምራሉ። እሱ ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ጉዝጓዙ ላይ ያለው ሽንት የግዛት ምልክት ነው። ማዛወር ያለባችሁ ከአሮጌው ጎጆ ሽንት ያልነካውን ወረቀት ነው። በተረፈ ጡት ከጣሉ ጀምሮ አብረው ያደጉ ወንድማማቾችን አትለያዩ፣ ያደጉ እንግዶችን አንድ ላይ አትክተቱ። ቶሎ ቶሎ ማጽዳትም ያስጨንቃቸዋል፣ ማቆየትም አሞኒያ፣ ከሽንት የሚወጣውን የሚያቃጥል ጋዝ፣ ያጠራቅማል። ክዳኑን ስትከፍቱ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ የጽዳቱ ጊዜ አልፏል፤ እነሱ አፍንጫቸው እዚያው ጉዝጓዙ ላይ ነው።

ድምፅን በጆሯችሁ አትመኑት። ሰው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ይሰማል፣ አይጥ ከዚያ በብዙ እጥፍ ከፍ ያለውን ትሰማለች። ለእናንተ ፀጥ ያለ ኮምፒውተር ወይም የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ለእሷ ጩኸት ሊሆን ይችላል። ብርሃንም እንዲሁ ነው፦ ፀጉራቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ቀይ የሆነ አይጦች በጠንካራ መብራት ሬቲናቸው፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይናቸው ክፍል፣ ይጎዳል። የመደርደሪያው የላይኛው ረድፍ ለመብራቱ ቅርብ ስለሆነ የማነፃፀሪያ ቡድኑን በሙሉ ከላይ፣ ሌላውን ከታች ደርድራችሁ እንዳትገኙ። ቀላቅሏቸው።

አያያዛችሁንም ለውጡ። ጅራት ይዞ ማንሳት ለእኛ ፈጣን ነው፣ ለእሷ ግን ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አይጦችን በቱቦ ወይም በሁለት መዳፍ ማንሳት ጭንቀታቸውን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቱቦውን ኬጁ ውስጥ ተዉት፣ ራሷ ትገባበታለች፣ እናንተ ማንሳት ብቻ ነው።

"ይህን ሁሉ ኬጅ ውስጥ ስጨምር ቁጥሮቼ አይበታተኑም ወይ?" የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ መርምሮ፣ የበለፀገ ኬጅ፣ ማለትም እንዲህ ያሉ ነገሮች የተጨመሩበት፣ የውጤቱን መበታተን እንዳልጨመረ አሳይቷል። የሚበትነው ለአንዱ ቡድን ሰጥቶ ለሌላው መንሳት ነው፣ ወይም ሙከራው መሀል ላይ መለወጥ። ለሁሉም እኩል ስጡ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ፣ የጎጆውን ወረቀት ዓይነትና መጠን ሳይቀር ሪፖርታችሁ ላይ ጻፉት።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ኬጁን አስተካክላችሁም በአሮጌው ኬጅ ያደጉት መዝለላቸውን ላያቆሙ ይችላሉ። በልጅነት የሠረፀ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ በቀላሉ አይለቅም። በነሱ ተስፋ አትቁረጡ፣ ጎጆና መጠለያ ለነሱም ይጠቅማል፤ ለውጡን የምትለኩት ግን ጡት ከጣሉበት ቀን ጀምሮ በአዲሱ ኬጅ ያደጉት ላይ ነው።