ሰፈራችሁ እንዴት እንደመረጠ ማወቅ ከፈለጋችሁ

«ባሕር ዳር እኮ ለእነ እገሌ ነው የመረጠችው።» ይሄ ወሬ በየምርጫው ማግስት ከጊሽ ዓባይ እስከ ዓባይ ማዶ ይዞራል። አብዛኛው ግምት ነው። የሚቆጨኝም ይሄ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው ቁጥር ሰፈራችሁ ውስጥ በር ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ውስጥ፣ ታዛቢዎችና የፓርቲ ወኪሎች ባሉበት ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱና ፎቶ አንሱት። የ2013ቱ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ነበር፤ የባሕር ዳርን የሰኔ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ለወረቀት አይመለስም። ፎቶው ላይ የጣቢያው ስም፣ ፊርማውና ማኅተሙ በደንብ ይታዩ። ወረቀቱ ሁለት መሆኑንም አትርሱ፤ የፓርላማው ለብቻ፣ የክልል ምክር ቤቱ ለብቻ ነው።

አሁን ቁጥሩን እናንብብ። ብዙ ሰው አሸናፊውን አይቶ ይሄዳል። እናንተ ከላይ ጀምሩ፦ ስንት ሰው ተመዘገበ? ስንቱ መጥቶ መረጠ? ስንት ድምፅ ተበላሸ?

ለምሳሌ እንበልና አንድ ጣቢያ 1000 ሰው ተመዝግቧል፣ 800 መጥቷል፣ 40 ድምፅ ተበላሽቷል። የቀረው 760 ለሦስት ዕጩዎች 300፣ 250 እና 210 ሆኖ ተከፋፈለ። ባለ 300ው አንደኛ ነው። ግን 460 ሰው ሌላ መርጧል፣ 200 ሰው ደግሞ ጭራሽ አልመጣም። የምርጫ ክልሉ ጣቢያዎች በሙሉ እንደዚህ ቢሆኑ ወንበሩን የሚወስደው ይሄው ሰው ነው፤ በእኛ ሕግ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ከግማሽ በላይ ማምጣት አይጠበቅበትም። ስለዚህ «ሰፈሩ የእነሱ ነው» ከማለታችሁ በፊት የአንደኛውን ድምፅ ለተመዘገበው ሕዝብ አካፍሉት። እዚህ 30 በመቶ ነው። የተበላሸው ድምፅ በአንድ ጣቢያ ብቻ በጣም ከበዛም ምክንያቱን ጠይቁ፤ አንዳንዴ ችግሩ መራጩ ጋ ሳይሆን ማስረዳቱ ላይ ነው።

ወንበር ብቻ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳስት ታሪካችን ራሱ ያሳያል። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰዱ። ታዲያ በአገሩ ሙሉ ሌላ የመረጠ አንድም ሰው አልነበረም ማለት ነው? በ2013 ደግሞ ብልጽግና በአገር ደረጃ በሰፊው ሲያሸንፍ የባሕር ዳር የፓርላማ ወንበር የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ሆነ፤ እዚሁ ከተማ ላይ በሰኔ 2010 የተመሠረተ ፓርቲ ማለት ነው። ከላይ ሆኖ አገሩን ብቻ ላየ ሰው ይሄ አይታየውም።

ቀጥሎ ጣቢያ ከጣቢያ አወዳድሩ። ሽምብጥ ያለው ጣቢያ ፋሲሎ ካለው ጋር አንድ ነው? የነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የተማሪው ሰፈርስ? ዘጌ ቡና የሚያለማው፣ ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምደውስ? ልዩነት ካያችሁ ቶሎ አትፍረዱ፤ ዕድር ላይ፣ ቡና ላይ ሰው ምን እንደሚል አዳምጡ። ማንን እንደመረጠ ግን ማንንም አትጠይቁ፣ ድምፅ ምስጢር ነው። «ምን ቢስተካከል ደስ ይልሃል?» ብትሉት ይበቃል፣ ይነግራችኋል።

ያለፈውን ከአሁኑ ስታወዳድሩ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የምርጫ ክልል ወሰንና የከተማ አስተዳደሩ ወሰን አንድ ነው ብላችሁ አትነሱ፣ አጣሩ። በሁለተኛ ደረጃ ሕዝቡ ራሱ ተለውጧል፤ በጦርነቱ ምክንያት ከየገጠሩ ወደ ከተማ የገባው ብዙ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። ውሃ ሲጠፋ፣ የይዞታ ካርታ አልወጣ ሲላችሁ፣ የባጃጅ ስምሪት ሲያጣላ የምትሄዱት ፓርላማ አይደለም፤ ቀበሌ፣ ክፍለ ከተማና ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ነው። ለከተማና ለቀበሌ ምክር ቤቶች ግን የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዝሞ ቀረ። በ2013 ባሕር ዳር ላይ የመረጥነው የፓርላማና የክልል ምክር ቤት አባላትን ብቻ ነው። በዚያ ድምፅ ተነስታችሁ «ሕዝቡ በከተማ አስተዳደሩ ረክቷል» ወይም «አልረካም» ብትሉ ልክ አትሆኑም፤ ሕዝቡ ያንን አልተጠየቀም። ለዕጩዎች የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የአካባቢ ምርጫ መቼ?» ይሁን፣ እባካችሁ።

ምዝገባ ሲከፈት ደግሞ አትዘናጉ። 18 ዓመት የሞላችሁና በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖራችሁ ከሆነ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከጎረቤት ጋር ጣቢያ ተከፋፈሉና በማግስቱ ፎቶዎቹን አንድ ላይ አምጡ፤ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ጻፏቸው። ድምሩን ምርጫ ቦርድ ለምርጫ ክልላችሁ ካሳወቀው ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ መጀመሪያ የጎደለ ጣቢያ እንዳለ እዩ። አሁንም ካልገጠመ የምርጫ ክልሉን ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ፣ ፎቶውንም አያይዙ።